የፍራሽ ሰፊው ቁንጫ

ጥቅምት 6

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ደረሰኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሳልከፍተው ቆየሁ። አንተ በዓመት ሁለቴ ብቻ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ያለ ወቅቱ ስትጽፍ ክፉ ወሬ መሰለኝና ፈራሁ። ስከፍተው ሰላምታ እንኳ በቅጡ የለውም። ቁንጫ፣ ቁንጫ፣ ቁንጫ! ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጸሐፊ "ምን አገኘሽ?" ብትለኝ "ወንድሜ የቁንጫ ስም ከየት እንደመጣ ይጠይቀኛል" አልኳት። "ፍራሽ ሰፊ አይደለም እንዴ? ከሱ የበለጠ ማን ሊያውቅ?" አለችኝ።

ለማንኛውም እንደ ማንኛውም ጠያቂ ቆጥሬህ በወጉ እመልስልሃለሁ። የመዝገበ ቃላታችን ካርዶች በፊደል ተራ በእንጨት ሣጥን ነው የሚቀመጡት። ቁንጫ በቀ ሣጥን ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለች። ስሟ የቆየ ነው። ግዕዙ "ቍንጽ" ይላታል፤ የግዕዙ "ጼው" እኛ ዘንድ "ጨው" እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ጸ ወደ ጨ ዞሮ ነው ቁንጫ ላይ የደረስነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እኛ ቢሮ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ "ቆነጠጠ" ከሚለው ነው፣ ንክሻዋ እንደ ቁንጥጫ ስለሆነ ይላል። ለጆሮ ይጥማል። ዋናው አዘጋጃችን ግን በቀይ ሰርዘውታል። እኚህ ሰው እኛ በስውር "ነጠላ ሰረዝ" የምንላቸው ናቸው፤ እሱን ሳይጨምሩ አንድ መስመር አያሳልፉም። "ለጆሮ የጣመ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን መጽሐፍ በአንድ ወር እንጨርሰው ነበር" አሉ።

ትርጉሙ፦ ክንፍ የሌላት፣ የምትዘል፣ ደም የምትመጥ ትንሽ ተባይ። ሁለተኛ ትርጉም፦ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ። ሁለተኛውን ከእማዬ አፍ ነው የወሰድኩት፤ አንተን ስትቆጣ ትለው ከነበረው። ካርዶቼን ግማሹን በቤታችን ወሬ እንደምሞላቸው እዚህ ማንም አያውቅም።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ምን ነክቶህ ነው ቁንጫ ያማረህ? ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገራት፤ ትንሿን ልጅህንም ሳምልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 21

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ትንሿ ሁለት ጥርስ አውልቃለች፣ ስትስቅ በር የተከፈተ ይመስላል። ባለቤቴም ደህና ናት።

ላልሽኝ ነገር፣ ዳር ዳር ከማለት በቀጥታ ብነግርሽ ይሻላል። እዚህ ስሜ ተቀይሯል። ሱቄ "ቁንጫ ቤት" ተብሏል፣ እኔም "ቁንጫው" ሆኛለሁ።

የጀመረው አምና ነው። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች በሬ ላይ ሲደርሱ ባንድ ድምፅ "ከፍራሽ ሰፊው የገዛነው ፍራሽ፣ ቁንጫ አመጣብን!" ብለው ይፈረጥጣሉ። መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል አልኩ። ልጁ ረሳው፣ አዋቂው ያዘው። ስም ከቤት ይወጣል ጎረቤት ይቀበላል ይሉ የለ፤ የኔው ከጎረቤት ወጥቶ ቤቴ ገባ። በዚህ ከተማ ያለሁት ፍራሽ ሰፊ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ "ሌላውን ነው" እንዳልል ሌላ የለም። አሁን ሰው ፍራሹ ሲጎደጉድበት ስፖንጅ ይገዛል። ካለፈው ወር ወዲህ የነደፍኩት ጥጥ ቢኖር የገዛ ቤታችንን ትራስ ነው።

የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ? ሙያውን አለማወቃቸው! ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፍራሽ ፈትቻለሁ። ፍራሽ ውስጥ የሚደበቀው ትኋን ነው፤ ስፌቱ ሥር ገብቶ ባለቤቱ እስኪተኛ ይጠብቃል። ቁንጫ የወለል አቧራና የድመት ፀጉር ነዋሪ ናት፣ ጥጥ ውስጥ ምን ትሠራለች? ስድብም እኮ ሙያ ይጠይቃል። "ትኋን ቤት" ቢሉኝ እንኳ አንድ ነገር ነው።

ይህንን ሁሉ ችዬው ነበር። ትንሿ ግን ከኔ ጋር መንገድ ላይ መሄድ ትታለች። ጠዋት ጠዋት "አባዬ፣ አንተ ቅደም፣ እኔ እደርስብሃለሁ" ትለኛለች። እኔም እቀድማለሁ። ዞር ብዬ አላይም፣ እንዳላሳፍራት።

የሱቁ ባለቤት ትልቋ ሴትዮ እስከ ጥር ጊዜ ሰጥተውኛል። "አንተን ጠልቼ አይደለም ልጄ፤ ፎቁ ላይ ያሉት ተከራዮች እያከኩ ነው የሚያናግሩኝ" አሉኝ። ስሙ ብቻውን ያሳክካል ለካ። ከጥር በኋላ ወይ ይህ ስም ይለቀኛል፣ ወይ እኔ ሱቁን እለቃለሁ።

እና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ፣ "ቁንጫ በፍራሽ ውስጥ አትኖርም" የሚል። ሰው ማኅተም ያምናል። በሬ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 2
(በእርሳስ የተጻፈ፤ በዚህ ቀን ያልተላከ)

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። በቀደም ትርጉሙን ስገለብጥልህ ከሥሩ ያለውን ምሳሌ አላነበብኩትም ነበር። ምሳሌው እንዲህ ይላል፦ "ከፍራሽ ሰፊው የገዛነው ፍራሽ ቁንጫ አመጣብን።" ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ሱቁን በከፈትክ ሰሞን፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከነሚስቱ መጥቶ በጎረቤት ፊት የከሰሰህ ደንበኛ ትዝ ይልሃል? ይህን ያለው እሱ ነበር። አንተ ፍራሹን እዚያው ፈተህ አሳየኸው፣ ምንም የለም። ኋላ ከአልጋው ሥር የወለደች ድመት ተገኘች፣ ሰውየውም ይቅርታ ብሎህ ሄደ። አንተ እየሳቅህ ጻፍክልኝ፣ እኔም እየሳቅሁ ካርድ ላይ ገለበጥኩት። ደንባችን ምሳሌው ከሰው አፍ የተወሰደ እንዲሆን ያዛል፤ ከራሳችን ፈጥረን አንጽፍም። ካርዱ ደግሞ ለምሳሌ የሚተወው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ክሱ ገባ፣ ድመቷ አልገባችም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

የቀ ፊደል ናሙና ጥራዝ አምና ለአስተያየት ወደ ትምህርት ቤቶች ተልኳል። የላክንላቸውን ዝርዝር አወጣሁና በጣቴ ወረድኩበት፤ ያንተ ከተማ ትምህርት ቤት አለበት። የሆነ አስተማሪ ጮክ ብላችሁ አንብቡ ብሏቸዋል። ፍራሽ ሰፊ ሲባል ደግሞ እነሱ የሚያውቁት አንድ ሰው ነው።

ትንሿ ካንተ ኋላ ስትሄድ ይታየኛል። ይህን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አወጣሁት። አልቻልኩም።

ኅዳር 2

ወንድሜ፣

ስለደረሰብህ ነገር በጣም አዝኛለሁ። ስለ ወረቀቱ ጠይቄልህ ነበር፣ ነገር ግን መሥሪያ ቤታችን ስለ ቃል እንጂ ስለ ተባይ ኑሮ አይመሰክርም ተባልኩ። አትቀየመኝ።

እስቲ ሌላም ካለ ብዬ ካርዶቹን አገላብጬ ነበር። ትንሽ የሆነን ነገር "ቁንጫ የምታክል" እንላለን። ከዚህ የተለየ የሚጠቅምህ አላገኘሁም።

ሌላ ሥራ አላሰብክም? በእጅህ ላይ ብዙ ሙያ አለ። ሥራ ስለበዛብኝ በዚሁ አበቃለሁ፤ ለቤተሰቡ ሰላምታ።

እህትህ

ኅዳር 24

እትዬ፣

ታመሽ ነው እንዴ? ደብዳቤሽ አጠረብኝ። አንቺ የጻፍሽው ሳይሆን የመብራት ማስታወቂያ ነው የመሰለኝ። ስለ ማኅተሙ አትጨነቂ፣ እኔም ሳስበው ያስቃል።

አዎ፣ አስቤያለሁ። ስፖንጅ ፋብሪካው ማሽን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ሄጄ አየሁት። ስፖንጁ እንደ ዳቦ ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል፣ ሰውዬው ቁልፍ ይጫናል። ቁልፍ መጫን አያቅተኝም። ጥጥ የምነድፍበትን ደጋን ግን ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። ባለቤቴ "ግድግዳ ላይ ስቀለው" ትለኛለች፤ እኔ የተሰቀለ ነገር እያየሁ መብላት አልችልም።

አሁን ወሬ ልንገርሽ። የቋንቋ አስተማሪውን መንገድ ላይ አገኘሁትና "ወንድም፣ ምን በደልኩህ?" አልኩት። ደነገጠ። ደግ ሰው ነው። "እኔ ከልቤ አላወጣሁትም፣ ከላይ ከመጣ ጥራዝ ላይ ነው ልጆቹ ያነበቡት" አለኝ። የማን ጥራዝ ነው ብለው የናንተው መሥሪያ ቤት ነው! እሰይ አልኩ። ሰው ያለው ሰው አይጨነቅም።

ያንን የጻፈውን ሰው ፈልጊልኝ። ጠብ አልፈልግም። ምን አድርጌው እንደሆነ ብቻ ይንገረኝ። አንቺ እዚያ እንደምትሠሪ ለአስተማሪው አልነገርኩትም፤ የሰውዬውን ስም ስትልኪልኝ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 4

ወንድሜ፣

ሰውዬውን አገኘሁት። እኔ ነኝ።

በእርሳስ የጻፍኩትን አብሬ ልኬልሃለሁ፣ እንዴት እንደሆነ እዚያ ውስጥ አለ። ቀኑን እየው፤ ሠላሳ ሁለት ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ማኅተም ጠይቄ ተከለከልኩ ያልኩህም ውሸት ነው። አልጠየቅኩም። ሌላ ሥራ አላሰብክም ወይ ብዬ የጻፍኩልህንማ ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ። አንተን ከሥራህ ያስነሣሁት እኔ፣ ምክር ሰጪዋም እኔ።

ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ ፈራሁህ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። በዓመት የሚመጡት ሁለት ደብዳቤዎችህ ቢቀሩስ ብዬ ነው። ሦስተኛው ደብዳቤህ ደርሶኝ "ሰው ያለው ሰው አይጨነቅም" የሚለውን ሳነብ ግን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ውሃ አመጣችልኝ።

ለነጠላ ሰረዝ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። "ምሳሌ ሰው እንዳይጎዳ የሚል ደንብ የለንም። ሊኖረን ይገባ ነበር" አሉ። በዋናው መጽሐፍ ይታረማል፤ መጽሐፉ የሚወጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታ ይባስ ብሎ ይታተማል።

ስለዚህ ሌላ ወረቀት ልኬልሃለሁ፣ ማኅተምም አለበት። "ይህን ዓረፍተ ነገር ጎዶሎ አድርጌ የጻፍኩት እኔ የፍራሽ ሰፊው ታላቅ እህት ነኝ፤ ፍራሹ ንጹሕ ነበር" ይላል፣ ፈርሜበታለሁ። በርህ ላይ ለጥፈው። ለአስተማሪውም ስጠው፣ በክፍል ያስነብበው። የሱቁ ባለቤት ሴትዮዋም ይዩት። እኔን የሚያሳፍረኝ አይምሰልህ፤ ቢያሳፍረኝም ይገባኛል።

ጥር ሳይገባ አድርገው። ይቅር በለኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 27

ወንድሜ፣

ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆን? ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ወጥቷል አሉኝ። ከተቀየምክ እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ወረቀቱን መለጠፍህን ብቻ በአንድ መስመር ንገረኝ። ጥር ሊገባ አራት ቀን ነው የቀረው።

እህትህ

ጥር 12

እትዬ፣

ሁለቱም ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ ነው።

ነገሩን በትክክል እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ስለቆረጥሽ አይደለም። መቀስ እኔም እጅ አለ፣ ስንት የሰው ጨርቅ አበላሽቻለሁ። የከፋኝ ስለ ሠላሳ ሁለቱ ቀን ነው። በነዚያ ቀናት ልጄ መንገድ ላይ ስታየኝ እንደማታውቀኝ ሆና ስታልፍ፣ አንቺ "ቁንጫ የምታክል" እያልሽ ትልኪልኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ስምሽ ቤት ውስጥ ሲነሣ ተነሥቼ እወጣ ነበር። ይህንን ሳልነግርሽ ይቅር ብዬሻለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ባለቤቴ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይታ "አሁኑኑ ለጥፈው" አለች። ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ሠራችልኝ። በሩ ላይ ቆሜ ለመጨረሻ አነበብኩት። "የፍራሽ ሰፊው ታላቅ እህት" የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ነገ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጮኹ አሁን ሰማሁት። በሚቀጥለው ዓመት እማዬን ለመዘከር ስትመጪ ከአውቶቡስ ስትወርጂ ምን እንደሚሉሽም ሰማሁት። ስም ሲለጠፍብሽ ምን እንደሚያደርግ ዓመት ሙሉ ተምሬዋለሁ፤ አንቺ ላይ የምለጥፈው እኔ አልሆንም። እዚያው ቆሜ ሙጫው ደረቀ። ባለቤቴ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ ገባች።

ለአስተማሪው ግን ሄጄ የቀረውን ግማሽ በአፌ ነገርኩት፤ ደንበኛውን፣ የተፈታውን ፍራሽ፣ የወለደችውን ድመት። "የጻፈውን ሰው አገኘኸው?" አለኝ። አገኘሁት አልኩት። "ማነው?" አለኝ። "ሥራ የበዛበት ሰው ነው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን መንገድ ዳር አውጥቻለሁ። የማንም ፍራሽ ቢሆን በፀሐይ፣ በሰው ፊት ነው የምፈታው። መጀመሪያ የሚያመጣልኝ ስላልነበረ የራሳችንን አልጋ ፈታሁ፤ ሦስት ቀን ወለል ላይ ተኛን። ባራተኛው ቀን አስተማሪው ተማሪዎቹን አሰልፎ ይዟቸው መጣ። ጥጡን በእጃቸው እየገለበጡ መረመሩት። አንዱማ "ታዲያ ቁንጫው የት አለ?" ብሎ ተቆጣኝ፣ ቃሌን ያጠፍኩበት ይመስል። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ትንሿ ከመካከላቸው ነበረች። ትምህርት ሲያልቅ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና ረጅሙን መርፌ አንሥታ ክር አስገባችልኝ። ሥራ ስንጨርስ አብረን ወደ ቤት ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን።

ስሙ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ትናንት አንዲት ሴት "ቁንጫ ቤት የት ነው?" እያለች ስትጠይቅ ቆይታ ሁለት ፍራሽ አሸክማ መጣች። ከነስሙ ተቀበልኳት። የሱቁ ባለቤት ሴትዮዋም የራሳቸውን ፍራሽ አስወርደው "እፊቴ ፍታው" ብለው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ሰፍቼ ስጨርስ በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉትና "እስቲ እስከ ሰኔ እንይ" አሉኝ። ፋብሪካው ሌላ ሰው ይፈልግ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትራስ ይደርስሻል። ጥጡን ሁለቴ ነድፌዋለሁ፣ ጨርቁ አዲስ አቡጄዲ ነው። የፈረምሽበትን ወረቀት አጣጥፌ ከመካከሉ ሰፍቼዋለሁ፣ ማንም አያገኘውም። ቅያሜዬም እዚያው አብሮት ይተኛ። እውነቱን ነው ወይ ብለሽ ከተጠራጠርሽ ቅደጂና እይው። ከቀደድሽው ግን እዚያ የሚሰፋልሽ የለም፤ ይዘሽው መምጣትሽ ነው።

ወንድምሽ